የካንዴላው ምርቃት

ሓወልቲ ሰፈር ባለው የወንድሜ ቤት ጄኔሬተሩ አልነሳ አለ። ወንድሜ የጠራው መካኒክ እስኪመጣ አልጠበቅሁም። ጓሮ ወርጄ ለሞተሩ እሳት የሚጭርለትን ካንዴላ ስፈታ የቤንዚን ሽታ አፍንጫዬን ሞላውና ልጅ ሆኜ ወደማውቀው ወደ ሐሸንጌ ሐይቅ ወሰደኝ።

የቤተሰቦች የዓሣ ማጥመድ ውድድር ነበር። ጉም ሐይቁን አልብሶታል። የሌሎቹ ጀልባዎች አንድ በአንድ ጉሙ ውስጥ ቀልጠው፣ ድምፃቸው ብቻ ከሩቅ እንደ ንብ ይሰማል። የእኛ ሞተር ግን ዝም ብሏል። አባታችን፣ አቦይ፣ ጀርባውን ሰጥቶን የተወሳሰበ መረብ ይፈታል።

"በሉ እንግዲህ፣ ዘንድሮም ዓሣ ከገበያ ልንገዛ ነው" አለ።

ወንድሜ የማስነሻውን ገመድ እየሳበ ይራገማል። እኔ ካንዴላውን ፈትቼ፣ ጥላሸቱን በነጭ ቀሚሴ ጫፍ ጠርጌ መለስኩት። ወንድሜ ገመዱን ዳግም ሲስበው ሞተሩ ተነሳ፤ ውሃው ከበታችን ተንቀጠቀጠ።

አቦይ ዞር ሳይል "እጅህ ይባረክ!" አለ።

"አሜን" አለ ወንድሜ።

እጄን አየሁት፤ ጥቁር ነበር። ምርቃትን "አሜን" ያለ ሰው ይዞት እንደሚሄድ ያኔ አልገባኝም። የገባኝ ወንድሜ ሞተሩን እንዴት እንዳስነሳ በየበዓሉ ሲያወራ ነው። እናቴ ስለ ቀሚሱ የቆነጠጠችኝን ግን ማንም አንስቶት አያውቅም።

አሁንም ጓሮው ውስጥ የጄኔሬተሩን ካንዴላ ጠርጌ መለስኩ። ጄኔሬተሩ ተነሳ። ወንድሜ መካኒኩ የመጣ መስሎት ከሳሎን "እጅህ ይባረክ!" ብሎ ጮኸ።

"አሜን" አልኩ፣ እሱ እንዲሰማ አድርጌ።