አባታችን ደህና ናቸው

የያዙኝ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ነው። ለወንድሜ የጻፍሁትን ደብዳቤ ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ዞር ስል አንድ ሰው ስሜን ጠራኝ። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «ለጥቂት ደቂቃ ትፈለጊያለሽ» አለኝ። እስከ ከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ድረስ ከጎኔ እየተራመደ ስለ ባሕር ዳር ሙቀት አወራኝ። እኔም ሰው ማስቀየም ስለማልወድ «አዎ፣ ዘንድሮ በዝቷል» እያልሁ ሄድሁ።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ከራስ በላይ አንዲት ትንሽ መስኮት አለችው። ጣና በእሷ አይታይም፤ ሽታው ግን ይገባል፤ የዓሣና የረጠበ ደንገል ሽታ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ውኃው ዳርቻውን ሲመታ ይሰማል። ከእኔ በፊት አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሙስሊም ነጋዴ። ገና ሳልቀመጥ ለምርመራ ተጠራሁ።

መርማሪው ወጣት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ደብዳቤዎች ደርድሯል። ሦስቱም ሰሜን ግንባር ላለው ወንድሜ የላክኋቸውና ሳይደርሱት የቀሩ ነበሩ። አንዱን አነሣና አነበበ፦

«'አባታችን ደህና ናቸው። ዘሩ በጊዜው ተዘርቷል። ለበዓሉ ወደ ደሴቱ ይሻገራሉ፤ ብዙ ሰውም አብሯቸው አለ።' ይህን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ።»

«አባትሽ የት ናቸው?»

«ሞተዋል። ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው።»

«ቀበሌውም ይህንኑ ይላል። ከራሽን መዝገብ ተሰርዘዋል።» ወረቀቱን አስቀመጠው። «እንግዲህ ንገሪኝ። የሞተ ሰው በታንኳ እንዴት ይሻገራል? ዘሩ ምንድን ነው? ብዙ ሰው የምትያቸውስ እነማን ናቸው?»

ያን ጊዜ ነው የተጠረጠርሁበት ነገር የገባኝ። «አባታችን» የድብቅ ድርጅት መጠሪያ መስሎት ነበር።

ያለውን ሁሉ ነገርሁት። አባቴ በሐይቁ ዳር ባለ ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ነበሩ። ሲሞቱ ወንድሜ ምሽግ ውስጥ ነበር። በእኛ ዘንድ በሰው አገር ላለ ሰው መርዶ በወረቀት አይላክም። ሲመጣ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ጎህ ሲቀድ ግራና ቀኝ ተይዞ ይነገረዋል። የንስሐ አባታችን «ጥይት መካከል ላለ ልጅ ምን ትሉታላችሁ? እስኪመለስ ዝም በሉ» አሉ። እናቴ ፊደል አትቆጥርም። ጽሕፈቱ በእኔ ላይ ወደቀ።

በመጀመሪያ «ደህና ናቸው» ብቻ ነበር የምለው። ወንድሜ ግን ይጠይቃል። ዓይናቸው እንዴት ሆነ? ማሳውን ማን አረሰላቸው? ለበዓል ተሻገሩ? ለምን በእጃቸው አይጽፉልኝም? ለእያንዳንዱ መልስ ያስፈልግ ነበር። የተማረ ሰው ሲዋሽ ዝርዝር ያበዛል። ዓይናቸው ስለደከመ እኔ እንደምጽፍላቸው ነገርሁት። ቀጥዬም በእያንዳንዱ ደብዳቤ መጨረሻ ላይ በእሳቸው አነጋገር ምርቃት እጨምርለት ጀመር።

መርማሪው እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ «እንግዲያው ቀላል ነው» አለ። «አባትህ ሞተዋል ብለሽ ጻፊለት። እኛ እናደርሰዋለን። የሚመጣው መልስ የልጅ ለቅሶ ከሆነ ትወጫለሽ። እስከ ነገ አስቢበት።»

ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሰባት እርምጃ ነበር። ወዲያና ወዲህ አልሁ።

«አንቺ ልጅ፣ ተቀመጭ! ወለሉን እኮ ጨረስሽው» አሉ ነጋዴዋ። «ምን አድርገሽ ነው?»

ነገርኋቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ።

«ወላሂ የኛ ነገር ይገርማል! እኔ ለውትድርና ሲፈልጉት ያለውን ልጄን የለም ብዬ ገባሁ፤ አንቺ የሌለውን አባትሽን አለ ብለሽ።»

እኔም ሳቅሁ፤ ሳላስበው። ከዚያ ወደ ሰባቱ እርምጃ ተመለስሁ።

«ጻፊውና ውጪ» አሉኝ ቆይተው። «እናትሽ ብቻዋን አይደለች? የሞተው እንደሆነ ሞቷል።»

«እርስዎ ቢሆኑ ለልጅዎ ይልኩታል?»

«እኔን አትጠይቂኝ። እኔ ልጄ ዛሬ ምን እንደበላ አላውቅ።» ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ተኝተዋል ስል ድምፃቸውን ሰማሁ። «ሲጮህ ማን ይይዘዋል? ምሽግ ውስጥ ማን ይይዘዋል?» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም።

በማግስቱ ጠዋት ወረቀትና ብዕር ቀረበልኝ። «ውድ ወንድሜ፣ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል?» ብዬ ጀመርሁ። ስለ እናታችን ጻፍሁ። ስለ ዝናቡ ጻፍሁ። መርማሪው በትከሻዬ ላይ እያነበበ ነበር። «አሁን ወደ ጉዳዩ» አለ።

ብዕሩን አስቀመጥሁት።

«አልጽፍም» አልሁ።

«አልሰማሁሽም።»

«አልጽፍም።»

«ጮክ በይ።»

በዕድሜዬ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም ነበር። «አልጽፍም!» አልሁ። በር ላይ የቆመው ዘበኛ ዞሮ አየኝ።

«እኔ ራሴ እጽፍለታለሁ» አለ መርማሪው።

«ይጻፉ» አልሁት። «ከእርስዎ የመጣውን አያምነውም። የሚያምነው የእኔን እጅ ጽሕፈት ነው። እሱን ደግሞ አልሰጥዎትም።»

አልመታኝም። ወረቀቱን ለአራት አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ወደ ክፍሉም መለሱኝ። አራት ወር ቆየሁ። በየቀኑ ጽፎለት ይሆን እያልሁ ሰባቱን እርምጃ ስቆጥር ነጋዴዋ ተፈተው ሄዱ። ከዚያ እኔንም አንድ ጠዋት «ውጪ» አሉኝ፤ ለምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ቤት ስደርስ የወንድሜ ሁለት ደብዳቤዎች ጠበቁኝ። ሁለቱም ዝም ያልነው ለምን እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ሁለቱም ለአባታችን ሰላምታ ነበረባቸው። መርማሪው አልጻፈለትም ማለት ነው። ያን ዕለት ተቀምጬ መልስ ጻፍሁ፤ በአባታችን ምርቃትም ጨረስሁት።

ሠራዊቱ ሲበተን ወንድሜ በሱዳን ዞሮ፣ በመተማ ገብቶ መጣ። ዘመዶች ባሕር ዳር ሳይገባ ሐሙሲት ላይ አስቀርተው አክስታችን ቤት አሳደሩት፤ እኛም ሄድን። ጎህ ሲቀድ፣ በወጉ፣ ሁለት አጎቶቻችን ይዘውት ተነገረው። ጮኸ፤ ያዙት። ለቅሶው በረድ ሲል በሰዉ መካከል ፈልጎ አገኘኝ።

«ስትመርቂኝ የነበርሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ሁሉንም?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ከሰላምታ ያለፈ ነገር አላናገረኝም።

አሁን እናወራለን። ስለ አራቱ ወራት ግን አልነገርሁትም። ብነግረው ውለታ መቁጠር ይመስልብኛል፤ ያኔ ዝም ያልነውን ፖስታው ዘግይቶ ነው ብሎ ትቶታል።

ባለፈው ሳምንት ግን ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ ዓይኑን ከውኃው ሳያነሣ ጠየቀኝ። «ከምርቃቶቹ አንዱን እንኳ አባባ ራሳቸው ብለውታል?»

«አንዱን» አልሁት። «የመጀመሪያውን። ሊሞቱ ሲሉ ለአንተ ብለው ነው የተናገሩት።»

ዞሮ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

እውነቴን ነው። ያን ዕለት «ሁሉንም?» ሲለኝ ራሴን ነቅንቄ፣ አሁን እንዴት አድርጌ እንደማሳምነው ግን አላውቅም።