ጎማ የጎረሰ ሞላ

ሞጣ ከቤቴ አጠገብ ባለው የባጃጅ ጋራዥ ያረጀ ጎማ በጋለ ቢላ ሲቆረጥ ሽታው ሳሎኔ ድረስ ይገባል። ቁራጩን በባጃጁ ሞላ ጥምዝ መሃል ይወትፉታል፤ ከባድ ጭነት ሞላውን እንዳያስተኛው ነው። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር አጎቴ ትዝ ይለኛል፤ አፍንጫዬን እይዛለሁ።

ልጅ ሆኜ ቢቸና ሳለን አጎቴ ባጃጅ በገዛ ማግስት ሞላዎቹን በሙሉ ጎማ አጎረሳቸው። «ሦስት ኩንታል ጤፍ ጭኜበት ንቅንቅ አይልም!» እያለ ለአላፊ አግዳሚው ይደነፋ ነበር። እውነት ነው፣ አይነቃነቅም። ሰው ሲሳፈርበት ግን አንጀት ያወርዳል።

እናቴን ምጥ የያዛት ቀን አባቴ «ያንን ጎማ ንቀልና ጤና ጣቢያ አድርሳት» ብሎት አዋላጇን ሊጠራ ሮጠ።

«ነገ ገበያ ነው፤ ነቅዬ ደግሞ ልወትፍ?» አለና አጎቴ እንዲሁ አሳፈራት። እኔ የሕፃኑን ጨርቅ ይዤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ኮረኮንቹ ላይ ጥቂት እንደተንገጫገጭን እናቴ ጀርባውን ደልቃ አስቆመችው።

«እትዬ፣ ትንሽ ይታገሱ እንጂ፤ ይለምዱታል» አላት።

«አንተንማ ለምጄሃለሁ። መጫን እንጂ መሸከም አታውቅም» ብላ ወረደች። ያኔ ልዩነቱ አልገባኝም ነበር። ትከሻዬን ተደግፋ፣ በየመሃሉ እየቆመች፣ ጤና ጣቢያው ድረስ በእግሯ ሄደች። እሱ ባዶ ባጃጁን እየነዳ፣ ክላክስ እያደረገ ተከተለን።

ዛሬም አጎቴ ወንድሜን ባገኘው ቁጥር ደረቱን ነፍቶ «አንተ እኮ በኔ ባጃጅ ነው የተወለድከው» ይለዋል።

እናቴ ቀና እንኳ ሳትል «አዎ፣ ከኋላችን ይመጣ ነበር» ትላለች።