ቦዲቲ ላይ ያለቀስኩት እንባ

ይህን ጉድ ከአንዲት ሴት በቀር ለማንም ተንፍሼ አላውቅም፤ ሚስቴም አልሰማችም። ሞኝነቴን ግን ሶዶ ሙሉ ያውቀዋል። መስታወት ፊት ቆሜ ለራሴ የማጨበጭብ ሰው ነበርኩ።

ያኔ ከአዲስ አበባ አንድ የቲያትር ቡድን ሶዶ መጣና አንድ ተዋናይ እንፈልጋለን አለ። ከእኔ ሌላ ማን አለ? የሰው ኮት ተውሼ ቀረብኩ። ልጁ የሞተበት አባት ሆነህ አልቅስ አሉኝ። አለቀስኩ። አለቃቸው ጆሮውን ይዞ፣ "አንተ፣ ጥርስህን እያመመህ ነው እንዴ? በል ሰኞ ተመለስ፤ እስከዚያ ለቅሶ ተማር" አለኝ።

ለቅሶ የት ይማሩታል? ቅዳሜ ቦዲቲ ለቅሶ አለ ሲባል ሰማሁ። አንጁሎ የሚባል ወጣት ለሥራ በሄደበት አዲስ አበባ ሞቶ፣ እዚያው ተቀብሮ፣ መርዶው ገና መድረሱ ነው። አላውቀውም። ሄድኩ። እኛ አገር ለቀስተኛ ዝም ብሎ አይገባም፤ ሟቹን እየጠራ፣ እየሮጠ ነው የለቅሶው ሜዳ ላይ የሚደርሰው። እኔም ኮቴን እንደለበስኩ "ወንድሜ አንጁሎ! ጓዴ!" እያልኩ ገባሁ። አቤት! አልቅሰው የጨረሱት ሁሉ እንደገና አለቀሱ። እውነቱን ልናገር? ኮራሁ። ዛሬም ሳስበው እኮራለሁ፤ ምን ላድርግ?

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? እናትየው ኮቴን አይታ ከአዲስ አበባ የመጣሁ መሰላት። እጄን ያዘችና "ስለ እኔ ምን ይል ነበር?" አለችኝ። አላውቀውም ማለት እችል ነበር። እኔ ግን፣ እኔ ጉደኛው፣ "ለመስቀል እናቴ ጋ እገባለሁ ይል ነበር" አልኳት። ዋሸሁ። ልጇን ለቀበረችው እንኳ አይደለም፣ መቅበር ላልቻለች እናት ዋሸሁ። ደግሞም አሳምሬ!

ሰኞ ተመለስኩ። አለቃው "አሁን ደግሞ አበዛኸው" ብሎ አሰናበተኝ።

ዓመታት አለፉ። አንድ የቦዲቲ ነጋዴ፣ ያቺ እናት በየመስቀሉ ከቅርጫው ሥጋ የአንጁሎን ድርሻ ለብቻ እንደምታስቀምጥ አጫወተኝ። "እመጣለሁ ብሎ ነበር" ትላለች አሉ። የእኔን ቃል! እንቅልፍ አጣሁ። ባለፈው መስቀል ሄጄ፣ እግሯ ሥር ወድቄ፣ ሁሉንም ነገርኳት። ሰበብ አላቀረብኩም፤ አሁንም የለኝም።

ከዚያ ተነስታ የአንጁሎን ድርሻ ፊቴ አስቀመጠች።

"ይቅርታውን እስካስብበት ብላ" አለችኝ። እንዴት ይዋጥልኝ! ደግሞ፣ "ለመሆኑ ቀጠሩህ?" አለች።

"አልቀጠሩኝም፣ እማማ።"

"በልጄ ለቅሶ እንደዚያ ያለቀሰውን ሰው? ወግድ! እነሱ ለቅሶ የት ያውቃሉ!"