የፀጉር አስተካካዩ ደወል አበባ

ከመስኮቴ ሥር ባለችው ጠባብ ግቢ አንድ ጡረታ የወጡ ፀጉር አስተካካይ ደወል አበባ ያሳድጋሉ። አበባ ልበለው እንጂ እኔ ለወራት ያየሁት ቅጠል ብቻ ነው። እሳቸው ግን እንደ ደንበኛ ነው የሚያስተናግዱት። ጠዋት ነጭ ሽርጣቸውን ያስራሉ፣ በርጩማቸውን ያስጠጋሉ፣ በዚያው በሥራ መቀሳቸው የደረቀውን ቅጠል እየከረከሙ ወሬ ይጀምራሉ።

"ትናንት ውሃ አበዛሁብህ መሰለኝ፣ ይቅርታ።"

የራሳቸው ፀጉር ጆሯቸውን ሸፍኗል። ቅጠል የሚበላ ቀንድ አውጣ ካገኙ አይገድሉትም፤ በሁለት ጣት ያነሱና ግራ ቀኝ አይተው በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤት ያሻግሩታል።

አንድ ቀን ከላይ ሆኜ፣ "ጋሼ፣ ለመሆኑ ይሄ ነገር ያብባል?" አልኳቸው።

"በሁለተኛ ዓመቱ ነው የሚያብበው፣ ልጄ። አምና የዘራችው ባለቤቴ ናት። ቀለሙ ምን ዓይነት ነው ብላት፣ 'ሲያብብ ታየዋለህ' አለችኝ። ቡቃያው እንኳ ብቅ ሳይል አረፈች።"

ከዚያ ወዲህ እኔም ጠዋት ከእንቅልፌ እንደተነሳሁ ቁልቁል ማየት ለመድኩ።

ባለፈው ሳምንት በሬ ተንኳኳ። እሳቸው ናቸው። ደረጃውን በጥድፊያ ወጥተው ትንፋሽ አጥሯቸዋል።

"ሐምራዊ ነው" አሉኝ።

"እንኳን ደስ አለዎት። ባለቤትዎ ሐምራዊ ይወዱ ነበር?"

"እሷማ ዓይኗ እንዲያየው አትፈልግም ነበር" አሉ በቀስታ። "የምወደው እኔ ነኝ።"