አክስቴን ሊያመጣ የተጠገነው ቴንደር

አባቴ ያንን አሮጌ ቴንደር ገዝቶ ሲመጣ እስራኤል፣ ነታንያ ከተማ ያለነው ዘመዶች ሁሉ ሳቅንበት። ከኋላው ክፍት የሆነውን የጭነት መኪና እዚህ አገር ቴንደር ይሉታል፤ የአባቴ ግን ከስሙ በቀር የቀረው ነገር አልነበረም። ሞተሩ ስለሞተ ከተሰባበረ መኪና የተፈታ ሌላ ሞተር አስገባበት። ጭነት እንዲችል ብሎ ጎማውንም በትልልቅ ጎማ ለወጠው። እኔ ዓርብ ዓርብ ሳፒር የኢንዱስትሪ መንደር ካለው ፋብሪካ ፈረቃዬን ጨርሼ ስመለስ፣ ከሕንፃችን ሥር ባለው መኪና ማቆሚያ ላግዘው እገባለሁ። ማገዝ ከተባለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እንጨቃጨቃለን።

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይለኛል።

"ይሄ እንቁላል ግን ገምቷል፣ አባ" እለዋለሁ።

የሚደክመው ለታናሽ እህቱ ነበር። እኛ በሱዳን በኩል ስንመጣ እሷ ከባሏ ቤተሰብ ጋር ቀረች። ኋላ ጎንደር ከተማ ወርዳ፣ ቤት ተከራይታ፣ ወደ እስራኤል የምትገባበትን ተራ ስትጠብቅ አረጀች። በመጨረሻ ልትመጣ ነው ተባለ። አባቴም ጓዟን ጭኖ ከአውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ሊያመጣት ማለ። "በታክሲ ትምጣ" ስለው አኮረፈኝ።

ያስቸገሩት መለኪያዎቹ ነበሩ። አዲሱ ሞተርና አሮጌው ዳሽቦርድ ሊግባቡ አልቻሉም። ሞተሩ ሊፈላ ደርሶ እንኳ የሙቀቱ ጠቋሚ ቀዝቃዛው ላይ ተኝቶ ይቀራል። ጎማው ከተለወጠ ወዲህ ደግሞ ፍጥነት መለኪያው ከእውነተኛው አሳንሶ ያሳያል። "እህቴን አሳፍሬ መንገድ ላይ ሞተሩ ቢፈላብኝ ምን እላታለሁ?" ይላል አባቴ። እንቅልፍ የነሣው ይኸው ነበር።

አንድ ሐሙስ፣ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ የአክስቴ ልጅ ከጎንደር ደወለልኝ። አክስቴ አርፋለች፤ ተቀብራለችም።

በእኛ ዘንድ የሞት ወሬ እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። ሽማግሌዎች ይጠሩና፣ በማለዳ፣ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ፣ ተሰብስበው ገብተው ያረዱታል። ዓርብ ሲመሽ የሚገባው ሰንበት ሲቃረብ ደግሞ ጭራሽ አይነገርም፤ በሰንበት አይለቀስም። እናቴ ሽማግሌዎቹን አማከረችና ለእሁድ ጠዋት ተቆረጠ። "እስከዚያ ሆድ ይፍጀው" አለችኝ። ለመናገር ቀላል ነው።

ዓርብ ስመለስ አባቴ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ጠበቀኝ። "ሰንበት ሳይገባ ዛሬ እንጨርሰዋለን" አለኝ። ሙቀቱን የሚያነበውን ሴንሰር ከሞተው ሞተር ፈትቶ አዲሱ ላይ ሊያስገባ ነው ሐሳቡ፤ አሮጌው ዳሽቦርድ የለመደው እሱን ነውና። ቀዳዳው አልገጥም ስላለው ፖሌግ ካለው የመለዋወጫ ሱቅ ድረስ ሄዶ መጋጠሚያ ገዝቷል።

ሌላ ቀን ቢሆን "ይሄን ሁሉ ጥለህ አዲስ ግዛ!" ብዬ እጮህበት ነበር። ያን ቀን ግን ያለኝን ሁሉ እሺ አልኩ። ቁልፍ ሲለኝ አቀበልኩ፤ ቡሎን ሲጥል መኪናው ሥር ተንበርክኬ አወጣሁለት። ለሞተች እህቱ መኪና የሚያሰናዳ አባት አጠገብ ቆሞ መሣሪያ ማቀበልን ለጠላቴም አልመኝም። በእናቴ ተናደድኩ፤ በሽማግሌዎቹ ተናደድኩ፤ ከሁሉም በላይ አክስቴን እስክታረጅ ተራ ባስጠበቋት ሰዎች ተናደድኩ።

ሞተሩን አስነሥተን ትንሽ ቆየን። ጠቋሚው ከተኛበት ቀስ ብሎ ተነሣና መሐል ላይ ቆመ። አባቴ ዳሽቦርዱን ሳመው። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

የቀረው የፍጥነቱ ነበር። እሱ እየነዳ፣ እኔ እውነተኛውን ፍጥነት ከስልኬ እያየሁ የመለኪያው መስታወት ላይ በነጭ ቀለም ምልክት እንዳደርግለት፣ ቃዲማ ዞራን ወደምትባለው ጎረቤት ከተማ ወጣን።

"ስትመጣ በዚህ በኩል አዞራታለሁ፤ እርሻውን ትይ" አለኝ።

"እሺ፣ አባ።"

"ያንን የኔን አልጋም ለሷ እሰጣለሁ፤ እኔ መሬት እተኛለሁ።"

"እሺ።"

መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ። እጁ መሪው ላይ ነበር።

"ይህ ቴንደር ከመጣ ወዲህ ስትሰድበው ኖርክ" አለኝ። "ዛሬ አንዴ እንኳ 'ሎ'፣ አይሆንም፣ አላልከኝም። እናትህም ትናንት በዘይት የጨቀየ ልብሴን አልጋው ላይ ስጥለው ዝም አለች። እሷ ዝም ትላለች?"

አፌን ልከፍት ስል እጁን አንሥቶ አስቆመኝ።

"አንተ እንዳትነግረኝ። የልጅ ሥራ አይደለም። ሽማግሌዎቹ እሁድ ነው የሚመጡት?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

"በሴደር፣ ይሁን" አለ አባቴ። "እንግዲያ እኔ ምንም አልሰማሁም። እህቴ ይቺን ሰንበት እንኳ በሕይወት ትዋልልኝ።"

ሞተሩን አስነሣና "በል፣ ፍጥነቱን ንገረኝ" አለኝ። ነገርኩት።