ውሃው ያልደረሳቸው መደቦች

የነገሌ ልጅ ነኝ። በአብዮቱ ዘመን በድሬሰርነት የተመደብኩት ዶሎ ኦዶ አጠገብ፣ ገናሌ ወንዝ ዳር ባለ አንድ የሰፈራ እርሻ ነበር። ሰፋሪዎቹ ድርቅ ከብቶቻቸውን የጨረሰባቸው ቦረናዎች ናቸው። በዕድሜያቸው መሬት ቆፍረው የማያውቁ ሰዎች አካፋ ተሰጥቷቸው ቲማቲም ተክሉ ተባሉ። ተከሉ። ቲማቲሙ ግን ፍሬ ሊይዝ ሲል ጠዋት ቆሞ የነበረው ማታ ጠውልጎ ይተኛል። ሲነቅሉት ግንዱ ከውስጥ ጠቁሯል። ሰዎቹ ከብቶቻቸው ሲወድቁ ያዩትን እንደገና አዩት።

ከዚያ የሰብል በሽታ ባለሙያ ተላከችልን። ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ውጭ አገር የተማረች፣ ሳቅ የማይቀናት ሴት ነበረች። ክሊኒኩ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ሁለት ሴቶች አብረን ኖርን። በጠወለገው ማሳ መሀል ምንም ሳይነካቸው የቆሙ ጥቂት ተክሎች አገኘችና ከሥራቸው አፈር ዘግና ይዛ መጣች።

«አፈር ውስጥ የሚገድል እንዳለ ሁሉ የሚጠብቅም አለ» አለችኝ። «ባክቴሪያ ሁሉ ጠላት አይደለም። ጠባቂው ሥሩን ቀድሞ ከያዘው፣ በሽታው መግቢያ ያጣል።»

መርፌ የምቀቅልበትን ዕቃ ከእኔ ተውሳ ጠርሙሶች ቀቀለች። ከአፈሩ የለየችውን ባክቴሪያ በባቄላ መረቅ ውስጥ አራባችው። መረቁ ደፈረሰ፤ ላዩም እንደ ወተት ስልባቦት ያዘ። የችግኙን ሥር በዚያ ውሃ እየነከርን እንድንተክል ወሰነች። ግን ለሁሉም አይደለም። ዕጣ አወጣች፤ ግማሾቹ መደቦች ውሃውን አገኙ፣ ግማሾቹ ቀሩ።

ዕጣው ካልወጣላቸው አንዷ ባሏም ከብቶቿም በአንድ በጋ ያለቁባት እናት ነበረች። የመጨረሻ ልጇን አዝላ ክሊኒኩ ደጃፍ መጣች። «አካም፣ ናጋ?» ተባባልን። ከዚያ ወደ ባለሙያዋ ዞራ በኦሮምኛ ለመነቻት።

«ከዚያ ቢሻን ለእኔም ስጭኝ ነው የምትለው» ብዬ ተረጎምኩ። ቢሻን ውሃ ማለት መሆኑን እሷም ለምዳዋለች።

«አይሆንም በያት። ለሁሉም ከሰጠሁ፣ ያዳነው ውሃው ይሁን ሌላ ነገር አናውቅም።»

«ልጆቼ ምን ይብሉ እያለች ነው።»

«በሚቀጥለው ተከላ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሷ ነው በያት።»

ይህን ስትል የተረፉት ጠርሙሶች ከኋላዋ መደርደሪያው ላይ ሞልተው ተደርድረው ነበር። ሴትዮዋ ታያቸዋለች።

ቲማቲሙ ሲያብብ በሽታውም መጣ። ውሃ ያላገኙት መደቦች እንደ አምናው ረገፉ፤ ያገኙት ቆሙ። ድንበሩ በገመድ የተሰመረ ይመስላል። ባለሙያዋ ያን ቀን ከልቧ ስትስቅ አየኋት። የሳቀችው ከደረቁት መደቦች መሀል ቆማ ነው። ያቺ እናት ከአጠገቧ አጎንብሳ የደረቀ ግንድ ትነቅል ነበር። ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ተነስታ በቀጥታ ወደ እርሻው ኃላፊ ሄደች።

ኃላፊው ካድሬ ነበር። በማግስቱ ሰፋሪውን ሁሉ ግራሩ ሥር ሰበሰበ፤ እኔን ለማስተርጎም ከፊት አቆመኝ። አንድ ጠርሙስ አንስቶ፣

«ጓዲት፣ ይህ መርዝ ነው?» አላት።

«አይደለም።»

«እንግዲያው ጠጪው።»

ጠጣችው። ሲያስመልሳት አፏን በእጇ አፍና ዋጠችው። ስልባቦቱ ከንፈሯ ላይ ቀረ፤ ሰው ሳቀ። ካድሬውም አብሮ ሳቀና ጥቂት ጠበቀ።

«ያው አልሞተችም» አለ። ከዚያ «ጓዲት» ማለቱን ተወው። «መድኃኒት ከሆነ፣ አንቺ፣ ጠርሙሱ ሞልቶ ተርፎሽ ሳለ የእነዚህን ድሆች መደብ ለምን ገደልሽው?»

«ለማነጻጸር ነው» አለች።

«ተርጉሚላቸው» አለኝ።

ለማነጻጸር የሚል ቃል በኦሮምኛ ፈለግሁ። «የሚሞተውንና የሚተርፈውን ለይታ ለማየት» አልኩ። የተሻለ አልመጣልኝም፤ ያልኩትም ውሸት አልነበረም። ያቺ እናት ከመሀል ተነስታ መጣችና ፊቷ ላይ ተፋችባት።

«ያወጣችው እኮ ዕጣ ነው! ማንንም መርጣ አልጎዳችም!» ብዬ ጮህኩ። የካድሬው ጠባቂ በጠመንጃ ሰደፍ ጀርባዬን ሲለኝ በጉልበቴ ወደቅሁ።

ባለሙያዋ አሻጥረኛ ተባለች። የዚያኑ ቀን ካድሬው ከቆሙት መደቦች ቀዩን ቲማቲም አስለቅሞ በሳጥን በሳጥን አስሞላና ነገሌ ላሉት አለቆቹ ስጦታ ላከ። እሷንም እጇን የፊጥኝ አስሮ በዚያው ጭነት መኪና ላይ፣ ከሳጥኖቹ መሀል አስቀመጣት። መኪናው በፊልቱ በኩል ወጣ። ከዚያ ጠርሙሶቹን አሰበረ፤ ለቀጣዩ ተከላም ችግኙ እንዲሁ ይተከል አለ።

በቀጣዩ ተከላ አንድም መደብ አልተረፈም። ያቺ እናት ክሊኒክ መጥታ መደርደሪያውን ዓይን ዓይኑን እያየች፣ «ያ ቢሻን የለም?» አለችኝ። ምን ልስጣት? ያዘለችው ልጇ ጉንጩ ሟሙቶ ዓይኑ ብቻ ቀርቶ ነበር። በጋው ሳይወጣ እጄ ላይ ሞተ። ቀብራው የቀሩትን ልጆች እየጎተተች፣ የእርዳታ ስንዴ ይታደላል ወደተባለበት ወደ ድንበሩ ሄደች።

ባለሙያዋን ያገኘኋት ከዓመታት በኋላ ሜጋ ከተማ ነው። ወደ ሞያሌ ስሄድ መኪናው ለምሳ ቆሞ፣ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጣ አየኋት። ከእስር ስትወጣ እዚያ ቆዳ መጋዘን ውስጥ ነበር የመደቧት። ታስራ ሳለች ውስጥ እግሯን ገርፈዋት ኖሮ ጫማ አይገባላትም፤ ጨርቅ ጠምጥማበታለች። ድሬሰር ነኝና ልፍታውና ልየው አልኳት። እግሯን ወደ ወንበሩ ሥር ሳበችው።

«ያቺ ሴትዮስ?» አለችኝ። የቷ እንደሆነች መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«መደቧ ደረቀባት። ሁሉም ደረቀ።»

«እንኳን ደረቀ» አለች።

«ልጇም ሞተ። ያ የምታዝለው።»

ሻይዋን ታማስላለች። ያልሰማችኝ መስሎኝ ደገምኩላት።

«ሰምቼሻለሁ» አለችኝ፤ ቀና ብላም አስተናጋጇን ስኳር እንድትጨምርላት ጠራቻት።