የዘበርጋ ምሰሶ

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ለዓመታት ጭስ የጠጣ የሣር ክዳን በዝናብ ርሶ ፀሐይ ሲመታው የሚያወጣው መራራ ሽታ አለ። ዛሬም ጉንችሬ ውስጥ ከማስተምርበት ክፍል መስኮት ያ ሽታ ሲገባ፣ ጠመኔዬን ይዤ ቆም እላለሁ፤ አክስቴ ብርቄ እጄን ጨምድዳ ይዛ ወደ ትልቁ ቤት ስትወስደኝ ይታየኛል።

በዚያን ጊዜ የምንኖረው ወልቂጤ ነበር፤ አባቴ በጅማ መንገድ ዳር ትንሽ ሱቅ ነበረው። በየዓመቱ ለመስቀል ሱቁን ቆልፎ፣ እኛን ሰብስቦ፣ ጭቃውን ግማሹን በበቅሎ ግማሹን በእግር አቋርጠን ታላቅ እኅቱ ብርቄ ወዳለችበት፣ ጉንችሬ አጠገብ ወዳለ ገጠር እንገባ ነበር። በበዓሉ ማግስት አክስቴ እኛን ልጆቹን አስከትላ ኮረብታው ላይ ወዳለው የባላባቱ ቤት ትወስደን ነበር። ቤቱ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ዙሪያውን ሰው የሚውጥ ቦይ ተቆፍሮበታል፣ መግቢያው አንድ ብቻ ነው፣ በድሮ ጊዜ ጠላት ሲመጣ የጎሳው ሰው ከነከብቱ እዚያ ይሸሸግ ነበር ይባላል። ሌላው ሰው ሊያደንቀው ይመጣል፤ እኛ ግን የምንሄደው ቤቱ ዘሞ፣ ወደ አንድ ጎን አጋድሎ እንደሆነ ልናይ ነበር።

ምክንያቱን ላስረዳ። የአባቴ ቅድመ አያት ዘበርጋ አናጢ ሲሆን በግቢው አንድ ትልቅ ዝግባ ነበረው። የባላባቱ አያት ያንን ዝግባ ለቤቱ ምሰሶ ፈለገው፤ ዘበርጋ እንቢ ሲል ዛፉን አስቆረጠበት፣ የእንሰት ማሳውን ነጥቆም ቤተሰቡን አክስቴ ወደምትኖርበት ድንጋያማ ተረተር አባረረው። ይህ ሳይበቃው፣ የገዛ ዛፉን በገዛ እጁ ጠርቦ እንዲተክልለት አዘዘው። የቤት ምሰሶ ሲተከል በሥሩ በኩል የነበረው ጫፍ ወደ መሬት መግባት አለበት፤ የተገለበጠ ምሰሶ ቤቱን ከነባለቤቱ ያፈርሳል ተብሎ ይታመናል። አክስቴ እንደምትለው ዘበርጋ ምሰሶውን ገልብጦ ተከለው፣ ጣራው ለበሰ፣ ውስጡ በጥላሸት ጠቆረ፣ ማንም ሳያውቅ ቀረ። ከእኛ ዘር ግን በዚያ ጣራ ሥር ውኃ የጠጣ አልነበረም።

ቦዩ አፋፍ ላይ አቁማን ማየቱን ታስተምረን ነበር። አንድ ዓይናችንን እንጨፍናለን፣ የቤቱን ጉልላት ከበስተኋላው ከቆመ ሌላ የዝግባ ግንድ ጋር እናስተካክላለን፣ ከዚያ ዘሟል አልዘመመም ብለን እንናገራለን።

«እኔ ዘሞ ታየኝ» ያለ ልጅ ከክትፎው ትርፍ ይደርሰው ስለነበር፣ ብዙ ጊዜ ይዘም ነበር።

«ይወድቃል» ትል ነበር አክስቴ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ። «ሳላየው አልሞትም።»

አንድ ዓመት በበጋ፣ መንገዱ ደርቆ በጭነት መኪና እንደመጣን፣ ባላባቱ አቶ ሽክር የቤታቸውን ክዳን ሊለውጡ የአካባቢውን ሰው ጠሩ። ጣራ ሲለወጥ የተጠራ ሰው ሁሉ ሣሩን ተሸክሞ ይሄዳል፤ ያልሄደ ሰው የራሱ ጣራ ሲያፈስ ብቻውን ይቀራል። አባቴ ሣር ማሰር ሲጀምር አክስቴ ደጁ ላይ ቆመችበት።

«እኔ ሲወድቅ ልይ ብዬ ስጠብቅ፣ አንተ ልታድስላቸው ነው?»

«እትዬ ብርቄ፣ ያንቺስ ጣራ በክረምት ያፈስ የለ? ዛሬ ካልሄድኩ ነገ ማን ይመጣልሻል?»

«ይፍሰስ። ውኃው ንጹሕ ነው።»

አባቴ ሸክሙን አንሥቶ ሄደ። እሷም እኔን ይዛ ተከተለችው፣ ግን እንደ ልማዷ ከቦዩ ወዲህ ቀረች። ሰዎቹ ጣራው ላይ ወጥተው አሮጌውን ሣር ሲያወርዱ፣ ጥቁር ብናኝ ኮረብታውን ሸፍኖ ቆየና ሲገለጥ፣ ቤቱ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ምሰሶው በፀሐይ ቁልጭ ብሎ ታየ። አቶ ሽክር አሻግረው አዩን።

«ብርቄ፣ ዛሬም ከቦይ ማዶ ነሽ? ግቢና ጠላ ቅመሽ እንጂ።»

«የማዶው ነፋስ ይበቃኛል» አለች፤ ከዚያም ወደ ጣራው አንጋጣ፣ «ልጆች፣ ሣሩን ሳሳ አድርጉት፣ ቤቱ አይክበደው!» ስትል ከላይ ያሉት ሳቁ።

እኔ ግን ምሰሶውን እያየሁ ነበር። ያኔም ያወቅሁትን ሳላስረዳ ማደር አልችልም ነበርና፣ «አክስቴ፣ የቅርንጫፎቹ ጉጥ ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚያየው፤ ከታች ደግሞ ወፍራም ነው። አልተገለበጠም እኮ» አልኳት።

እጄን የያዘው እጇ ጠበቀ። አሻግራ ምሰሶውን አየች።

«ዓይንሽ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«እንግዲያው ዝም በይ።»

 በዚያ ሳምንት እህል ቀማምሳ ትተው ነበር፤ አባቴ በብርድ አመካኘው። እኔ ብቻ ነበርኩ የማውቀው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ይወድቃል ብላ የጠበቀችውን ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሞ አይታዋለች።

ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲደርስ፣ አትወስደንም ብዬ ስጠብቅ፣ በማግስቱ በጠዋት ቀሰቀሰችን። ቦዩ አፋፍ ላይ ታሪኩን ከዛፉ ጀምራ ተረከችና ምሰሶው ጋ ስትደርስ ዓይኔን ዓይኔን እያየች እንዲህ አለች።

«ዘበርጋ ብልህ ነበር። ቢገለብጠው ኖሮ በዓመቱ ይነቁበት ነበር። ስለዚህ ቀጥ አድርጎ ተከለው፣ ቆይቶ እንዲወድቅ ግን ጉድጓዱን ሳያጠልቅ ተወው። ከመሬት በታች ያለውን ማን ያያል?»

«አንቺስ በምን አወቅሽ?» አልኩ።

«አንቺ ዓይንሽ ደህና ነው» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ባልደርስበት አንቺ ታይዋለሽ።»

አልደረሰችበትም። እኔ በመምህርነት ጉንችሬ ከመመደቤ በፊት ሞተች፤ ለቅሶዋ ላይ አቶ ሽክር መጥተው አለቀሱ።

አሁን በየዓመቱ ተማሪዎቼን አሰልፌ ትልቁን ቤት አስጎበኛለሁ። ቦዩ ለምን እንደተቆፈረ፣ ጣራው ለምን እንደሾጠጠ፣ የቤት ጭስ እንጨቱን ከምስጥ እንዴት እንደሚጠብቅ በቅደም ተከተል አስረዳለሁ። ዘንድሮ ከተማሪዎቼ አንዷ የአቶ ሽክር የልጅ ልጅ ነች። ገለጻዬን ጨርሼ ቦዩ አፋፍ ላይ ቆሜ ሳለ ልብሴን ሳብ አደረገችኝ።

«እትዬ፣ ለምንድን ነው አንድ ዓይንዎን የጨፈኑት?»

«ፀሐዩ ነው» አልኳት።

ያኔ ዘሟል የምለው ለክትፎ ብዬ ነበር። ዛሬ ምሰሶው ቀጥ ብሎ መተከሉን ከማንም በላይ አውቃለሁ፣ ምንም የሚሰጠኝ ሰውም የለም፤ ዘንድሮ ግን ጉልላቱ ከዝግባው ወደ ግራ ትንሽ ዘሞ ታየኝ።